የጣይቱ ቤት ኪራይ

በጥር 2017 ዓ.ም. አንድ ወዳጄ ደወለልኝና «ፈንዱ ቆመ» አለኝ። የለመድነው የሪፖርት መዘግየት መስሎኝ «መቼ ይለቀቃል ታዲያ?» አልኩት። «ቆመ ነው የምልህ!» አለ።

ወዳጄ የሚሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃናትን በሚረዳ አንድ ድርጅት ነበር። ብሩ የአሜሪካ መንግሥት ብር ነው፤ ግን ሦስት አራት እጅ ዞሮ ነው እነሱ ጋ የሚደርሰው። በዚያ ወር አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን አገደ፤ ዩኤስኤይድ ራሱም በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ተዘጋ። ዋሽንግተን ላይ አንድ ፊርማ ሲፈረም እዚህ የአንድ ሰፈር ልጆች ደብተርና ምሳ ቀረ ማለት ነው።

«ጥፋቱ የኛው ነው፤» አለ ወዳጄ፣ «የራሳችን ገቢ ሊኖረን ይገባ ነበር። ዳቦ ቤት እንኳ ብንከፍት...»

«አሁን ገና ነቃችሁ?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ቀልዱ ራሱ ልክ አልነበረም፤ ነገሩ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነውና። እቴጌ ጣይቱ ከመቶ ዓመት በፊት ገብቷቸው ነበር፤ ያውም በሰው አገር።

እስቲ ኢየሩሳሌም ደርሰን እንምጣ።

የኢትዮጵያ መነኮሳት እዚያ ከተማ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ዴር ሱልጣን የሚባለው ገዳማቸው ያለው የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ ከቅድስት ሄሌና ጸሎት ቤት አናት ላይ። ጣሪያ ላይ የወጡት ወደ ሰማይ ለመቅረብ ብለው አይደለም። ታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የነበሯቸውን ቦታዎች እየተነጠቁ ስለሄዱ ነው። ለዚህ ከሚነገሩት ምክንያቶች ዋናው ገንዘብ ነው። የኦቶማን ሹማምንት ግብር ይጠይቃሉ፤ ግሪኮቹና አርመኖቹ ይከፍላሉ፤ የኛዎቹ የሚከፍሉት አጡ። የነሱ ገቢ ነገሥታቱ ሲያስታውሱ የሚልኩት ስጦታና ተሳላሚ ይዞት የሚመጣው መባ ነበር። ንጉሥ ሲሞት፣ አገር ሲታወክ፣ መንገድ ሲዘጋ ስጦታውም ይቀራል። በዛሬ ቋንቋ ብናወራው፣ ዶነራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሩቅ።

የባሰው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ ወረርሽኝ ገባና የኢትዮጵያውያኑን ማኅበር አረገፈው። ከዚያ የገዳሙ መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ ከመጻሕፍቱ ጋር የይዞታ ማስረጃዎቹም አብረው ጠፉ። ማን አቃጠለ፣ ለምን አቃጠለ የሚለው እስከ ዛሬ ከግብጾች ጋር የሚያጨቃጭቅ ነገር ነው። ውጤቱ ግን አያጨቃጭቅም፦ ቤት ያለው ሰው ካርታው ሲጠፋበት የሚሆነውን ሆኑ። በዚያ መቶ ዓመት ኢየሩሳሌምን የጎበኙ ሰዎች እንደጻፉት የኢትዮጵያ መነኮሳት የዕለት ዳቧቸውን የሚያገኙት ከአርመኖች ገዳም ነበር። አርመኖቹን ማመስገን ተገቢ ነው፤ ረሃብን አስታግሠዋል። ግን አስቡት፦ የሚያበላህ ጎረቤት ስለ ቅዱሱ ቦታ የራሱ ጥያቄ ያለው ጎረቤት ነው። ነገ የድንበር ክርክር ቢነሳ በምን አፍህ ትከራከረዋለህ? አፍህ ውስጥ ያለው የሱ ዳቦ ነው።

የሚገርመው ደግሞ መፍትሔው እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ መኖሩ ነው። የሱልጣን ሱለይማን ባለቤት ሁረም እ.ኤ.አ. በ1552 ኢየሩሳሌም ውስጥ ለድሆች ወጥ ቤት አቋቁማ ነበር። ሾርባና ዳቦ በየቀኑ ለመቶዎች ይታደላል። ንግሥቲቱ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ ድስቱ ግን ከእሳት ሳይወርድ ብዙ ዘመን ኖረ። ምሥጢሩ ወቅፍ ነው። ሴትዮዋ የሰጠችው ሾርባ ሳይሆን የመንደሮችን ገቢ ነበር። ወቅፍ የሆነ ንብረት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ለልጅ አይወረስም፤ ገቢው ብቻ ለተባለለት ሥራ ይውላል። (ያ ስንዴ ከየትኛው ገበሬ ጎተራ ተዝቆ እንደመጣ መጠየቅም ደግ ነው። የዘላለም ገቢ ማለት ለአንዳንዱ የዘላለም ዕዳ ማለት ነበር።)

የኛ ሰዎች ወደዚህ መንገድ የገቡት በአፄ ዮሐንስ ዘመን ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ ግብጾችን ካሸነፉ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ገንዘብ ላኩ፤ ከምርኮው ወርቅ ነው የሚሉም አሉ። ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ መሬት ተገዛ፤ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ተጀመረ፤ ምኒልክ አስጨረሱት። ዛሬ በዚያ የሚያልፈው መንገድ ስሙ የኢትዮጵያ ጎዳና ነው።

ቤተ ክርስቲያን መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። ለኔ የሚገርመኝ ከዚያ ወዲያ የተደረገው ነው። ጣይቱና መኳንንቱ በዚያ አካባቢ ቤት ማሠራትና መግዛት ጀመሩ፤ የሚኖሩበት ሳይሆን የሚከራይ ቤት። ኪራዩ ለመነኮሳቱ ቀለብ እንዲውል ነው። ብዙዎቻቸው ኢየሩሳሌምን በዓይናቸው አላዩም። ጣይቱ ራሳቸው ሳያዩት ሞቱ። ቤታቸው ግን እዚያ ቆሞ ተከራይ ጠበቀ፤ ተከራይም መጣለት። በእንግሊዞች ዘመን የፍልስጤም ሬዲዮ ገባበት፤ እስራኤል ስትመሠረት ደግሞ የእስራኤል ሬዲዮ ለአሥርተ ዓመታት ሠራበት። የእስራኤል ሰው «የእስራኤል ድምፅ» ብሎ የሚሰማው ዜና ከእቴጌ ጣይቱ ሳሎን ነበር የሚነበበው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ንግሥት ዘውዲቱም በነቢያት ጎዳና ላይ የይሁዳ አንበሳ በሞዛይክ የተሣለበትን ሕንፃ አሠሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1928 የተሠራ ነው፤ ኋላ ቆንስላም ሆኖ አገልግሏል።

በ1948 ከተማዋ ለሁለት ስትከፈል ዴር ሱልጣን በዮርዳኖስ በኩል ቀረ፤ የኪራይ ቤቶቹ በእስራኤል በኩል። መካከላቸው ሽቦና ወታደር ለ19 ዓመት ቆመ። ከዚያም በኋላ ኪራይ ያልፈታው ነገር ብዙ ነው። የዴር ሱልጣን ጣሪያ ዛሬም በክርክሩ ምክንያት እንደልብ አይታደስም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እድሳት ይደረግ ሲባል የግብጽ መነኮሳት ተቃውመው ከፖሊስ ጋር ግብግብ ገጥመዋል። ቢሆንም ካርታው በእጅ ያለ ቤትና ማስረጃው የተቃጠለ ቤት ልዩነታቸው ይታያል።

አሁን ወደ አገር ቤት። እኛ ዘንድ የዚህ ነገር አቻው ጉልትና ሪም ነበር። ደብሩ መሬት አለው፤ ካህኑ፣ የቆሎ ተማሪው፣ በደጀ ሰላም የሚበላው ነዳይ ከዚያ ይቀመሳል። ክፋቱንም ልንደብቀው አይገባም፤ ሸክሙ ያረፈው ጭሰኛውና ገባሩ ጫንቃ ላይ ነው። «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡ ተማሪዎች ልክ ነበሩ። ግን የሆነው ምንድነው? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆኑ። በዚህ በአምስት ወር ውስጥ የበጎ ሥራ ማቆሚያ ይሆን የነበረው ንብረት፣ ጥሩውም መጥፎውም፣ አንድ ላይ ሄደ። ደርግ ከአዲስ አበባ ሊወርሰው ያልቻለው ኢየሩሳሌም ያለውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1977 ረሃብ የውጭ ድርጅቶች ጎረፉ፤ ሕይወትም አተረፉ። እኛም ፕሮፖዛል መጻፍ ተማርን። አንድ ትውልድ ሙሉ በጎ አድራጎት ማለት ፕሮጀክት ነው፣ ፕሮጀክት ማለት ደግሞ ሦስት ዓመት ነው ብሎ አደገ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ አይሠራም ሲል ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ ሕጉ አፍ ለማዘጋት የተጻፈ መሆኑ፤ በዚህ ላይ ብዙ ተብሏል። ሁለተኛው ግን ብዙ አልተወራለትም፦ 90 በመቶውን ከአገር ውስጥ አምጡ ሲባል ማምጣት የቻለ ድርጅት እጅግ ጥቂት ነበር። የሚያከራይ ቤት የለ፣ የሚሸጥ ምርት የለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1113 ያንን ገደብ አነሳ፤ ድርጅቶች ትርፉን ለአባላት እስካላከፋፈሉ ድረስ ነግደው ዓላማቸውን እንዲደግፉ በግልጽ ፈቀደ። በር ተከፈተ። ግን የውጭው ብር እየመጣ ሳለ ማን ዳቦ ቤት ይከፍታል?

ይኼን ሁሉ ዘመን ፕሮፖዛል ሳይጽፍ የኖረ አንድ ተቋም አለ፤ የሰፈራችን እድር። ወርሃዊ መዋጮ ይሰበስባል፤ ይኼ የታወቀ ነው። የምንረሳው ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሳህኑን ነው። ለቅሶ በሌለ ጊዜ ለሠርግ ያከራያቸዋል። የበረታው እድር አዳራሽ ሠርቷል፤ ፊት ለፊቱ ሱቅ አውጥቷል። እኛ «የሽማግሌ ነገር» ብለን የምንስቅበት ጸሐፊ፣ ያ በካርቦን ደረሰኝ የሚቆርጠው፣ የሁረምን ወጥ ቤት ዘዴ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። እድር ድክመት የለውም አልልም፤ ለሞተ ሰው የሚሮጠውን ያህል ለታመመ አይሮጥም፣ መዋጮ ያልከፈለን ደሃ ይሰርዛል። ሂሳቡን ግን የሚዘጋበት ፊርማ ዋሽንግተን አይደለም ያለው።

የወዳጄ ድርጅት እስከ ሰኔ ተንገዳግዶ ተዘጋ። የስንብቱ ዕለት ጠርቶኝ ሄድኩ። ልጆቹ ከነወላጆቻቸው መጥተዋል፤ ቢሮው ስለማይበቃ እዚያው ሰፈር አንድ አዳራሽ ተከራይተው ነበር። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ አንዲት እናት ስታለቅስ ሌሎቹም ተከተሏት። ሰው ከተበተነ በኋላ ወንበር ስናነሳ ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን አየሁ። የእድሩ ስም ነው። በሩ ላይ ጸሐፊው ደብተራቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ወዳጄ የአዳራሹን ኪራይ ከፈለ፤ እሳቸውም ደረሰኝ ቆርጠው ሰጡት።