ሌባ ተብሎ የተከሰሰው ዘበኛ

በተዘረፈ ቤት ሁሉ አንድ ሰው ቆሞ ከተገኘ፣ የመንደሩ ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ወደዚያው ሰው ነው። ሰውየው ዘበኛ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ጥቂት ነው። የካንሰር ሳይንስም ከ1979 እስከ 1989 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የሰው ልጅ ዘረ-መል ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ሰጥቶ ኖሯል። ዘረ-መሉ ቲፒ53 ይባላል፤ በእርሱ ትእዛዝ የሚሠራው ፕሮቲን ደግሞ ፒ53።

ታሪኩ የሚነሳው ከአንድ የጦጣ ቫይረስ ነው። ኤስቪ40 የተባለው ይህ ቫይረስ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ ዕጢ ያስነሳል። ቫይረሱ ጤነኛውን ሴል እንዴት እንደሚያበላሽ ለማወቅ ሲጥሩ የነበሩት ዴቪድ ሌን እና ላየነል ክሮፎርድ በለንደን፣ አርኖልድ ሌቪን ደግሞ በአሜሪካ ፕሪንስተን፣ በ1979 ተመሳሳይ ነገር አዩ። ከቫይረሱ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚወጣ፣ የሴሉ የራሱ የሆነ ሌላ ፕሮቲን አለ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ የሎይድ ኦልድ ቡድን ያንኑ ፕሮቲን ቫይረስ በሌለበት፣ በኬሚካል ሳቢያ ካንሰር በያዛቸው የአይጥ ሴሎች ውስጥ አገኘው።

ክብደቱ ሲለካ 53 ሺህ ዳልተን ስለመሰለ ፒ53 ተባለ። ኋላ ሲጣራ ትክክለኛው ክብደቱ ወደ 44 ሺህ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን እንደተሳሳተ ቀረ። የተሳሳተው ደግሞ ስሙ ብቻ አልነበረም።

ክሱ የቆመባቸው ማስረጃዎች ጠንካራ ይመስሉ ነበር። ፒ53 በካንሰር ሴሎች ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል፤ በጤነኛ ሴል ውስጥ ግን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። በ1984 ደግሞ ዘረ-መሉ ተቀድቶ ራስ ከተባለ ሌላ የካንሰር ዘረ-መል ጋር ወደ ሴሎች ሲገባ፣ ሴሎቹ ወደ ካንሰርነት ተለወጡ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ፒ53 ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ዘረ-መሎች መዝገብ ገባ።

የማይገጥም ነገር አልጠፋም ነበር። በእስራኤል ዋይዝማን ተቋም የቫርዳ ሮተር ቡድን ዘረ-መሉ የተሰበረበትና ፒ53 የማይሠራበት የደም ካንሰር ሴል በ1980ዎቹ አጋማሽ አገኘ። ካንሰርን የሚነዳው ይህ ዘረ-መል ከሆነ፣ ካንሰሩ ያለ እርሱ እንዴት ይኖራል? ጥያቄው ቀላል ነው። ሆኖም ፍርዱን ለመገልበጥ አልበቃም።

ፍርዱ የተገለበጠው በ1989 ከሁለት አቅጣጫ ነው። ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በርት ቮገልስታይን እና ሱዛን ቤከር የትልቁ አንጀት ካንሰርን ያጠኑ ነበር። በብዙዎቹ ዕጢዎች ውስጥ የ17ኛው ክሮሞዞም አንድ ቁራጭ ጠፍቷል። ቲፒ53 የሚቀመጠው እዚያው ቁራጭ ላይ ነው። ሰው ከእናትና ከአባቱ ሁለት ቅጂ ይወርሳል። በዕጢዎቹ ውስጥ አንደኛው ቅጂ ጠፍቷል፤ የቀረው ሲነበብ ደግሞ የፊደል ግድፈት ተገኘበት። ካንሰሩ ሁለቱንም ቅጂዎች ከጥቅም ውጭ አድርጓቸዋል ማለት ነው። የሚረዳውን ማን ያጠፋል?

በፕሪንስተን ደግሞ የሌቪን ቡድን ለዓመታት ሲሠራባቸው የኖሩትን ቅጂዎች መልሶ መረመረ። ሴልን ወደ ካንሰር የሚለውጡት ቅጂዎች የተበላሹ ሆነው ተገኙ። ጤነኛው ቅጂ ወደ ሴል ሲገባ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሴሉ ካንሰር እንዳይሆን ከለከለ። በብዙ ላቦራቶሪዎች ሲሠራበት የነበረው ናሙና ከካንሰር ሴሎች የተቀዳ ነበርና፣ ዘበኛው የተመረመረው ከታመመ በኋላ ነበር።

ያን ጊዜ የቀድሞዎቹ ማስረጃዎች ሁሉ ሌላ ትርጉም ያዙ። ጤነኛው ፒ53 ተሠርቶ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚፈርስ አይታይም፤ የተበላሸው ግን ስለማይፈርስ ይከማቻል። የጦጣው ቫይረስ ፕሮቲንም ፒ53ን አንቆ የያዘው ሥራውን እንዳይሠራ ነው።

ሥራው ምንድነው? ፒ53 ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ሌሎች ዘረ-መሎችን የሚያዝ ፕሮቲን ነው። የሴሉ ዲኤንኤ በጨረር ወይም በኬሚካል ሲጎዳ ፒ53 ይበዛል። በ1993 የቮገልስታይን ላቦራቶሪ እንዳሳየው ፒ21 የተባለውን ዘረ-መል ይቀሰቅሳል፤ ያም የሴሉን መከፋፈል ያቆማል። ጉዳቱ ከተጠገነ ሴሉ ይቀጥላል፤ ካልተጠገነ ፒ53 ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። በ1994 የኒኮላ ፓቭሌቲች ቡድን ፕሮቲኑ ዲኤንኤን ሲጨብጥ ምን እንደሚመስል አሳየ። በካንሰር ሕሙማን ላይ በብዛት የሚታዩት ግድፈቶች የሚያርፉት ልክ በመጨበጫው ላይ ሆኖ ተገኘ። ሌን ቀድሞ በ1992 «የጂኖም ጠባቂ» ብሎት ነበር። ዛሬ ከሰው ልጅ ካንሰሮች በግማሽ ገደማው ይህ ዘረ-መል ተበላሽቶ እንደሚገኝ ይታወቃል።

የፍርዱ መገልበጥ ለቤተሰቦችም መልስ አመጣ። ፍሬድሪክ ሊ እና ጆሴፍ ፍራውሜኒ በ1969 ልጆችና ወጣቶች በተለያየ ካንሰር የሚያልቁባቸውን ጥቂት ቤተሰቦች መዝግበው ነበር። ምክንያቱ ለሃያ ዓመት አልታወቀም። በ1990 መልሱ ተገኘ፤ የሚወረሰው የተበላሸ ቲፒ53 ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ተመርምሮ ካንሰሩን በጊዜ ለመያዝ ክትትል ይደረግለታል።

ተከሳሽ የነበረው ደግሞ ምስክር ሆኖ ቆመ። ዘረ-መል የሚነበበው ሦስት ሦስት ፊደል እየተደረገ ነው። በ1991 በቻይና ቺዶንግ እና በደቡባዊ አፍሪካ የጉበት ካንሰር ሕሙማን ላይ 249ኛው ባለሦስት ፊደል ቃል በተደጋጋሚ በአንድ ዓይነት መንገድ ተበላሽቶ ተገኘ። ሁለቱም አካባቢዎች ሻጋታ እህል ላይ የሚያመርተው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ የሚበዛባቸው ናቸው። በ1996 ደግሞ የትምባሆ ጭስ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን የሚያርፈው በሳንባ ካንሰር ዘወትር በሚበላሹት የቲፒ53 ነጥቦች ላይ መሆኑ ታየ። የትምባሆ ኩባንያዎች ይህን ዝም ብለው አልተቀበሉም። በ2005 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኢንዱስትሪው ስለ ፒ53 የሚደረገውን ምርምር ለማደናገር ያደረገውን ጥረት ከራሱ ከኢንዱስትሪው የውስጥ ሰነዶች አውጥቶ አሳይቷል።

ለኢትዮጵያም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከሚመረተው ወተት ተወስዶ በ2016 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ከ110 ናሙናዎች ሁሉም አፍላቶክሲን ነበረባቸው፤ ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ ያልበለጡት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ ለላም የሚቀርበው የኑግ ፋጉሎ ነው። ወተት ውስጥ የሚገባው ዓይነት ከዋናው መርዝ የደከመ ነው። ቢሆንም መኖና እህልን ከእርጥበት መጠበቅ የጤና ጥበቃ ሥራም ጭምር መሆኑን ቁጥሩ ይናገራል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የፒ53 እውነት ግን አሥር ዓመት አድሮም በራሱ አልጠራም። የጠራው የራሱን ናሙና የተጠራጠረ፣ ያመነበትን መልሶ ከጤነኛው ጋር ያስተያየ ሰው ስለተገኘ ነው። በሳይንስም ሆነ በአደባባይ፣ በጥፋት ቦታ የተገኘን ሁሉ ጥፋተኛ ከማለት በፊት ማስረጃው ራሱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል።