ልጅን የሚያበረታታውን ሽልማት እንዴት መለየት ይቻላል?

የባሕርይ ማሻሻያ ሥልጠና ልጅ መልካም ተግባር በፈጸመ ቁጥር ማበረታቻ በመስጠት ተግባሩን እንዲደጋግመው የሚያግዝ ዘዴ ነው። ማበረታቻ የሚባለውም ወላጅ የወደደው ሳይሆን፣ ከተሰጠ በኋላ መልካሙን ተግባር የሚያበዛው ነው። የቡሬ ከተማ ልጅ በባጃጅ መሄድን፣ በአካባቢው ገጠር የሚኖር ልጅ ጥጃ ይዞ ውኃ መውረድን ሊመርጥ ይችላል፤ የአንድ ቤት ልጆችም ምርጫቸው ይለያያል።

የመለያ ቅደም ተከተል

1. መመልከት፦ ልጁ በነፃ ሰዓቱ ወደ ምን እንደሚሄድና ምን ሲወሰድበት እንደሚከፋ ለ3 ቀናት ይመዝገብ።

2. ጥንድ አድርጎ ማቅረብ፦ 5 ነገሮች ይመረጡ፤ ለምሳሌ ሙዝ፣ ሸንኮራ፣ ኳስ፣ ፊሽካና የሥዕል እርሳስ። ሁለት ሁለቱ ተጣምረው ሲቀርቡ 10 ጥንድ ይሆናሉ። ልጁ በየጥንዱ እጁን የዘረጋለት ይጻፍ፤ የቀኝና የግራ አቀማመጡም ይለዋወጥ። ይህ ዘዴ መናገር ለማይችል ልጅም ያገለግላል።

3. መፈተን፦ በብዛት የተመረጠው ነገር ተግባሩ እንደተፈጸመ ወዲያውኑ፣ በጥቂቱና ከምስጋና ጋር ይሰጥ። ልጁ ተግባሩን በቀን ስንት ጊዜ እንደፈጸመ ከመጀመሩ በፊትና ከ1 ሳምንት በኋላ ይቆጠር። ካልጨመረ ሽልማቱ ይቀየር እንጂ ልጁ እልኸኛ ነው አይባል።

ጥንቃቄ

• ለሽልማት የተመረጠው ነገር ቀኑን ሙሉ ከተገኘ ይሰለቻል።
• ለቅሶን ለማስቆም የሚሰጥ ስጦታ ለቅሶን ያስተምራል።
• መደበኛ ምግብ፣ ዕረፍትና የወላጅ ፍቅር የልጁ መብት በመሆናቸው ለሽልማት ተብለው አይከለከሉም።
• ቤተሰቡ በሚጾምበት ወቅት ከምግብ ይልቅ ጨዋታን መምረጥ ይመከራል።

የሕግ ድንጋጌ

በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መሠረት ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት የመጠበቅ መብት አላቸው። ስለሆነም ማበረታቻ ያልሠራለትን ልጅ መምታት መፍትሔ አይሆንም።

አገልግሎት ለማግኘት

በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በዕድሜው የሚጠበቀውን ያህል የማይናገር ወይም ራሱን የሚጎዳ ልጅ የመስማት ችግር ወይም የዕድገት እክል ሊኖርበት ስለሚችል መመርመር ይኖርበታል። ወላጆች በቅድሚያ የቀበሌያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በአቅራቢያቸው የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ያማክሩ፤ እንደ አስፈላጊነቱም ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካል። የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አላት። ወላጆች ሲሄዱ የልጁን ምርጫ የመዘገቡበትን ወረቀት ይዘው ቢቀርቡ ለባለሙያውም ሆነ ለልጁ መምህር ጠቃሚ መነሻ ይሆናል።