«ሊበራል» ስትሉ የየትኛው ዘመን?



ሰሞኑን ከመግሪብ በኋላ መስጂድ በር ላይ ወጣቶቻችን ሲከራከሩ አንዱ ሌላውን «አንተማ ሊበራል ነህ!» ብሎ አፉን ሲያስይዘው ሰማን። ስድብ መሆኑ ነው። እኛ ግን ጠየቅን፦ የየትኛው ዘመን ሊበራል?

ቃሉ የፖለቲካ ወገን መጠሪያ ሆኖ የታወቀው በስፔን ነው። በካዲዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1812 የንጉሡን ሥልጣን በሕገ መንግሥት የገደቡት ሰዎች ሊበራል ተባሉ፤ ተቃዋሚዎቻቸውን ደግሞ «ሎሌዎች» አሏቸው።

ከኛ ሰዎች ነገሩን ቀድሞ ያስተዋለው የአዝሀሩ ዓሊም ሪፋዓ አጥ-ጦህጣዊ ነው። የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዓሊ በ1826 ፓሪስ ለላካቸው ተማሪዎች ኢማም ሆኖ ሄደ። ሊያሰግድ የሄደው ሰው (ሱብሓነላህ!) ፈረንሳይኛ ተምሮ፣ የ1830ን አብዮት በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። በ1834 በታተመው መጽሐፉ የፈረንሳዮችን ሕገ መንግሥት ተርጉሞ፣ እነሱ ነፃነት የሚሉት እኛ ዓድልና ኢንሷፍ የምንለውን ነው ሲል አስረዳ። ቃሉን አልሰደበውም፣ አላመለከውምም። ትርጉሙን መረመረ።

ሆኖም በዚያው 1830 ፈረንሳይ አልጀርስን ወረረች። ወራሪው ንጉሥ በሳምንታት ውስጥ ከዙፋኑ ወረደ፤ ሥልጣን የያዙት ሊበራሎች ግን አልጄሪያን አልለቀቁም። ስመ ጥሩው ሊበራል ቶክቪልም ወረራውን ደግፎ ጻፈ። በ1882፣ ጦህጣዊ ከሞተ ከ9 ዓመት በኋላ፣ እስክንድርያን በመርከብ መድፍ ደብድቦ ግብፅን የያዘው የግላድስተን መንግሥት ነው፤ የእንግሊዝ ሊበራል ፓርቲ መንግሥት!

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሊበራል ማለት በአብዛኛው መንግሥት ከገበያ እጁን ይሰብስብ ባይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ1930ዎቹ፣ ከሩዝቬልት ወዲህ፣ መንግሥት ለድሃው ይድረስለት የሚለው ሰው ሊበራል ተባለ። በአውስትራሊያ ደግሞ ሊበራል ፓርቲ የወግ አጥባቂዎቹ ነው።

በሀገራችንም ኢህአዴግ የሚተቹትን «ኒዮሊበራል» ይል ነበር። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ የራሳችን ስም ነበረን። በ2004 ዓ.ል. «መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ» ያሉ ወንድሞቻችን «አክራሪ» ተብለው ታሰሩ። ስም ተለጥፎበት ጥያቄው ሳይሰማ የቀረ ሰው ምን እንደሚሰማው ከማንም በላይ እናውቃለን።

ያ መስጂድ በር ላይ «ሊበራል» የተባለው ወንድማችን ያነሳው ሐሳብ፣ ለእህቶቻችን የቂርኣት ቦታ ይስፋላቸው የሚል ነበር። እስካሁን መልስ የሰጠው የለም።

ወላሁ አዕለም።