የተሰበረው መሥመር፦ የፍራክታል አንቴና ታሪክና ለትምህርት የሚሰጠው ቁም ነገር

ሥርዓተ ትምህርት በሚዘጋጅበትና በሚከለስበት ጊዜ ሁሉ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ርእስ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። የትምህርቱ ሰዓት ውስን ስለ ሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መልሱ ዛሬ በሚታየው ጥቅም ብቻ ቢለካ ወደ ስሕተት ሊያደርስ እንደሚችል የሳይንስ ታሪክ ይመሰክራል። የፍራክታል አንቴና ታሪክ ለዚህ አንድ አብነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1904 ሄልገ ፎን ኮህ የተባለ ስዊድናዊ የሒሳብ ሊቅ አንድ እንግዳ መሥመር ነደፈ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ቀጥተኛ መሥመር ሦስት እኩል ቦታ ይከፈላል፤ መካከለኛው ክፍል ይነሣና በምትኩ የእኩል ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ይተከላሉ። ከዚያም በተገኙት አራት መሥመሮች በእያንዳንዳቸው ላይ ያው ሥራ ይደገማል። በየደረጃው የመሥመሩ ርዝመት በ4/3 ሲባዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። በ1915 ደግሞ ፖላንዳዊው ቫትስዋፍ ሸርፒንስኪ ከአንድ ጎነ ሦስት መካከለኛውን ክፍል፣ ከቀሩትም ከእያንዳንዳቸው መካከለኛውን እየቈረጡ በማውጣት የሚገኘውን ቅርጽ አቀረበ። እነዚህ ቅርጾች ለብዙ ጊዜ ከሒሳብ ሊቃውንት ክበብ ውጭ የሚፈልጋቸው አልነበረም። በ1975 ቤንዋ ማንደልብሮት «የተሰበረ» ከሚል የላቲን ቃል ወስዶ «ፍራክታል» የሚል የወል ስም ሰጣቸው።

የሬዲዮ መሐንዲሶች በበኩላቸው በሌላ ችግር ተጠምደው ነበር። ሃይንሪኽ ኸርዝ ከ1886 እስከ 1888 ባደረጋቸው ሙከራዎች የሬዲዮ ሞገድን ካረጋገጠ ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ የተለመደው ባለ ሁለት ክንድ አንቴና ርዝመቱ የሞገዱ ርዝመት እኩሌታ ያህል ነው። በ100 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራጭ ሞገድ 3 ሜትር ስለሚረዝም አንቴናው 1.5 ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። አንቴናው ከሞገዱ አንጻር እጅግ እንዲያንስ ከተደረገ ደግሞ የሚሠራበት የፍሪክዌንሲ ክልል ይጠባል። የዚህንም ወሰን በ1948 ላን ጄን ቹ በሒሳብ አሳየ።

በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቪክቶር ራምዚ፣ ሬይመንድ ዱሃሜልና ድዋይት ኢዝቤል ሰፊ ክልል የሚሸፍኑ አንቴናዎችን ለመሥራት አዲስ መንገድ ከፈቱ። በ1957 የቀረበው የዱሃሜልና የኢዝቤል አንቴና አንድ ዓይነት ቅርጽ በተወሰነ ድርሻ እያደገ የሚደጋገምበት ነበር። የፍራክታል ስም ገና ሳይወለድ፣ ትንሹ ክፍል የትልቁ አምሳያ የመሆኑ ሐሳብ በዚህ መልክ ወደ አንቴና ሥራ ገብቶ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሁለቱ መንገዶች በግልጽ የተገናኙት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ኔተን ኮኸን የተባለው የራዲዮ አስትሮኖሚ ሊቅ በ1988 በቦስተን ሽቦን በኮህ መሥመር አምሳል አጥፎ አንቴና ሠራ፤ ስለዚሁም በ1995 ጽሑፍ አሳተመ። በባርሴሎና ደግሞ ካርሌስ ፑየንቴና ባልደረቦቹ ከ1996 ጀምሮ የሸርፒንስኪን ቅርጽ በአንቴናነት መረመሩ። በቅርጹ ውስጥ ያሉት ጎነ ሦስቶች በመጠን በእጥፍ ስለሚበላለጡ፣ አንዱ አንቴና በግምት በእጥፍ በተራራቁ በርካታ የፍሪክዌንሲ ክልሎች ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ። ትንንሽ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች እየተስፋፉ በመጡበት ዘመን ይህ ውጤት ከፍተኛ ተስፋ አሳደረ።

ይሁንና ተስፋው ሳይፈተን አልቀረም። በ2002ና በ2003 ስቲቨን ቤስት የኮህን አንቴና በሌላ መልክ ከታጠፉ ሽቦዎች ጋር አነጻጽሮ፣ በቁመት እኩል የሆኑ ተራ እጥፋቶች ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ውጤት ሊሰጡ እንደሚችሉ አስረዳ። ቅርጹ ፍራክታል በመሆኑ ብቻ ቹ ያሳየው ወሰን አልፈረሰም። በ2002 በአሜሪካ ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋ ኸርዝ ያለው ሰፊ ክልል ለአጭር ርቀት ግንኙነት ሲፈቀድም፣ ነዳፊዎች የፍራክታልን ቅርጽ የተጠቀሙበት ከምድር ሰሌዳው ስፋትና ከመጋቢው መሥመር አሠራር ጋር አጣምረው ነው። የተቀራረቡ ክልሎች ተጋጥመው አንድ ሰፊ ክልል የሚሆኑት በዚህ ቅንጅት ነውና።

ከዚህ ታሪክ ዕቅድ አውጪዎች የሚያገኙት ትምህርት ግልጽ ነው። በ1904 «ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የማይገኝለት መሥመር ከሰማንያ ዓመት በላይ ቈይቶ ለሥራ ተፈለገ። ስለዚህ አንድን የሒሳብ ርእስ ከመሰረዝ በፊት፣ ተማሪው ወደፊት በምን ላይ ሊመሠርትበት እንደሚችል መመርመር ያሻል።

መምህራን ደግሞ ጉዳዩን በክፍል ውስጥ በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ተማሪው 27 ሴንቲ ሜትር መሥመር ይሥራ። የኮህን ሥራ ሦስት ጊዜ ሲደጋግም ርዝመቱ 36፣ 48፣ በመጨረሻም 64 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 64 ቁራጮች ናቸው። ቀጥሎ መምህሩ፣ «ርዝመቱ ከእጥፍ በላይ አደገ፤ ታዲያ በዚህ መልክ የታጠፈ ሽቦ የሚስማማው ሞገድስ በዚያው መጠን ይረዝማልን?» ብሎ ይጠይቅ። አይረዝምም። የሚቀራረቡት እጥፋቶች እርስ በርሳቸው ስለሚነካኩ በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል፣ ሞገዱ የሚረዝመው ከሽቦው ባነሰ መጠን ነው። ተማሪው በዚህ አንድ ምሳሌ ሁለት ነገር ይማራል፤ የሒሳብ ቅርጽ ለሥራ መንገድ እንደሚከፍትና የተከፈተው መንገድ በመለካት መረጋገጥ እንዳለበት።