«ሰማ» እና «ተገኘ»፦ የሕፃን ቃል በቀደምት ዑለማዎች ዘንድ

የሕፃናትን ትምህርት የሚያጠና ሰው ዞሮ ዞሮ ሕፃኑን ራሱን መጠየቁ አይቀርም። በስንት ዓመቱ ያየውና የሰማው ይታመናል? ቃሉ የራሱ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ፈቃድስ የሚጠየቀው ከማን ነው? በአሁኑ ጊዜ መጠይቅ ይዘው ወደ ቁርኣን ቤቶቻችንና ወደ መድረሳዎቻችን የሚመጡ አጥኚዎች እነዚህን ጥያቄዎች በምርምር ሥነ ምግባር ስም ሲያነሡ፣ ከመምህራን አንዳንዶቹ እንግዳ ነገር እንደ መጣባቸው ይቆጥሩታል። እኛ ግን ጥያቄዎቹ በሐዲሥና በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው እንላለን፤ መልሳቸው አንድ ወጥ ባይሆንም።

ኢማም አል-ቡኻሪ በሶሒሓቸው፣ በዕውቀት ኪታብ ውስጥ፣ የትንሽ ልጅ መስማት ከመቼ ጀምሮ ተቀባይነት እንዳለው የሚመለከት ባብ ከፍተዋል። በዚያ ካሰፈሯቸው ዘገባዎች አንዱ የመሕሙድ ኢብኑ አር-ረቢዕ (ረ.ዐ) ነው። መሕሙድ የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባልዲ ውኃ ተጎንጭተው ፊታቸው ላይ እንደ ረጩባቸው ያስታውሱ ነበር። ነገሩ ልጅን ማጫወት ነው፤ ሙሐዲሦች ግን አንድ ትልቅ መለኪያ አወጡበት። ቃዲ ዒያድ እንደሚነግሩን የሙያው ሰዎች ዝቅተኛውን የመስሚያ ዕድሜ በመሕሙድ ዕድሜ ወስነዋል።

በዕድሜ መወሰኑ ግን ሁሉንም አላስማማም። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል መለኪያው ልጁ ማስተዋሉና ያስተዋለውን አጥብቆ መያዙ ነው ብለዋል፤ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ አይሆንም የሚል ሰው እንዳለ ሲነገራቸውም አባባሉን ነቅፈዋል። ሙሳ ኢብኑ ሃሩን ደግሞ በአንድ ዘገባ እንደ ተላለፈው፣ ልጁ ላምን ከአህያ ሲለይ ይሆናል ሲሉ መልሰዋል። ይህን መልስ የገጠር ቁርኣን አስተማሪ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ጉዳዩን በጥራት ያስቀመጡት በ643 ዓመተ ሂጅራ በደማስቆ ያረፉት ኢብኑ አስ-ሶላሕ ናቸው። በዘመናቸው የነበረውን የመዝገብ ልማድ ሲገልጹ፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ልጅ «ሰማ» ተብሎ ይጻፍ እንደ ነበር፣ ከአምስት በታች ለሆነው ግን «ተገኘ» ወይም «አመጡት» ይባል እንደ ነበር ያስረዳሉ። በራሳቸው አስተያየት ግን የእያንዳንዱ ልጅ ሁኔታ ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ የሚነገረውን የሚረዳና መልስ የሚሰጥ ከሆነ ከአምስት በታች ቢሆንም መስማቱ ይጸናል፤ ካልሆነ ግን ሃምሳ ዓመት ቢሞላውም አይጸናም።

በ«ሰማ» እና በ«ተገኘ» መካከል ያለው ልዩነት ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። ሕፃኑን ከመጅሊሱ አላስወጡትም፤ ያልሰማውን ሰማ ብለውም አልጻፉለትም። ዛሬ የሦስት ዓመት ልጆች የተቀመጡበትን ክፍል አይቶ «ሕፃናቱ እንዲህ ብለዋል» ብሎ የሚጽፍ አጥኚ፣ በእነዚያ ጸሓፊዎች ሚዛን «ተገኙ» ማለት የሚገባውን «ሰሙ» ብሎ እንደ መዘገበ ይቆጠራል። ይሁንና ሙሐዲሦች ሕፃኑን በሕፃንነቱ አልጠየቁትም። በልጅነት የተሰማው ተቀባይነት የሚያገኘው ባለቤቱ ለአቅመ አዳም ደርሶ ሲያስተላልፈው ነበር። ስለዚህ ዛሬ ልጁን በልጅነቱ ለሚጠይቀው አጥኚ መልሱን ከሐዲሥ ዘገባ ሕግ ብቻ አያገኘውም፤ ወደ ቃዲዎች ችሎት መሻገር ይኖርበታል።

በ179 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ማሊክ በሙወጦእ እንደ ዘገቡት፣ ዐብዱላህ ኢብኑ አዝ-ዙበይር (ረ.ዐ) ሕፃናት እርስ በርሳቸው ባደረሱት ጉዳት ላይ በሕፃናቱ ምስክርነት ይፈርዱ ነበር። ማሊክም ይህን የመዲና አሠራር አድርገው ሲያጸኑት ጥብቅ ገደብ አስቀመጡለት፤ ቃላቸው በመካከላቸው ለደረሰው ጉዳት ብቻ እንጂ በሌላ ሰው ላይ አይሠራም፤ ይህም ሳይበታተኑ፣ ሳይታለሉና ሳይማሩ በፊት ነው። ከተበታተኑ በኋላ፣ አስቀድሞ ቃላቸውን የሰሙ ታማኝ ምስክሮች ከሌሉ በቀር፣ ምስክርነታቸው ዋጋ የለውም። አብዛኞቹ ሌሎች ፉቀሃዎች የሕፃንን ምስክርነት ጨርሶ አልተቀበሉም። እኛ እዚህ ያመጣነው ብይኑን ለመምረጥ ሳይሆን ምክንያቱን ለማየት ነው። የማሊክ ስጋት ልጁ ይዋሻል የሚል ብቻ አልነበረም፤ ቤቱ ሲገባ አዋቂ ቃል ያጎርሰዋል የሚልም ጭምር እንጂ። አስተማሪው አጠገብ ቆሞ፣ አለንጋውም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ «ትምህርቱን ትወደዋለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ስጋት ነጻ ነው ለማለት ያዳግታል።

የፈቃድ ነገር የቀረበበት ሌላው ምንጭ ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) የዘገቡትና ቡኻሪና ሙስሊም ያሰፈሩት ሐዲሥ ነው። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚጠጣ ነገር ቀርቦላቸው ጠጡ፤ በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ተራው የቀኙ ነውና፣ ለሽማግሌዎቹ ልስጥ ወይ ብለው ልጁን አስፈቀዱት። ልጁም ከእርስዎ የሚደርሰኝን ድርሻ ለማንም አሳልፌ አልሰጥም አለ፤ ጽዋውን በእጁ አኖሩለት። ሐዲሡ ስለ መጠጥ ተራ የመጣ እንጂ ስለ ምርምር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ከዚያ በላይ ልናስጨንቀው አንሻም። ነገር ግን ትንሽ ልጅ በታላላቆች ፊት «አይሆንም» ብሎ መልሱ መከበሩ በግልጽ የተመዘገበ ነው።

አል-ቡኻሪ ባረፉበት በ256 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የቀይረዋኑ ሙሐመድ ኢብኑ ሰሕኑን፣ ስለ መምህራን አደብ በጻፉት መጽሐፍ አባታቸውን ሰሕኑንን እየጠየቁ ብዙ ዝርዝር አስፍረዋል። መምህሩ ልጆቹን ለግል ጉዳዩ እንዳይልክ፣ ከተወሰነለት ክፍያ በላይ ስጦታ እንዳያስመጣቸው፣ ለቅጣትም ቢሆን ያለ አባት ፈቃድ ከሦስት ምት እንዳያልፍ ይከለክላሉ። ቅጣቱን ዛሬ ለመደገፍ አይደለም ይህን ማንሣታችን። በዚያ ዘመን እንኳ ልጁ ለመምህሩ የተሰጠው ለትምህርት ብቻ መሆኑን፣ ከዚያ ለሚያልፈው ወላጅ እንደሚጠየቅ ያሳያልና ነው። በእኛ እይታ፣ ከውጭ ለመጣ እንግዳ ልጆችን አሰልፎ ማስጠየቅ ከመምህሩ ጉዳይ እንጂ ከልጁ ትምህርት የሚቆጠር አይደለም። አጥኚው ለመምህሩ ብቻ አሳውቆ ሊጀምር ሲል፣ ወላጆች ሰምተው እንደሆነ መጠየቅ፣ ከዚያም ሲጠየቁ ከክፍሉ ወጥቶ መቆየት የኢማሙና የመምህሩ ድርሻ ነው።