ዳኛው አንባቢ፦ ተራ አንባቢና የአማርኛ ልብ ወለድ ምርጫው

የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ከደራስያን ወገን ነው። የትኛው ሥራ መቼ ታተመ፣ ደራሲው የት ተማረ፣ የዘመኑ መንግሥት ምን አለው የሚሉት ጥያቄዎች ተደጋግመው ሲመረመሩ፣ መጽሐፉን ገዝቶ ወይም ተውሶ ከሥራ መልስ ለደስታው ያነበበው ሰው ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ይህ ሰው፣ ማለትም ለፈተና ወይም ለምርምር ሳይሆን ወድዶ የሚያነበው ተራ አንባቢ፣ የወደደውን መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እያሻገረ፣ ያልወደደውን ደግሞ እየተወ፣ የትኛው ሥራ እንደሚኖር ከመቶ ዓመት በላይ ሲወስን ቆይቷል። ምርጫው ላይ ላዩን ሲታይ የተዘበራረቀ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ የፍቅር ታሪክ፣ ሌላ ጊዜ የስለላ ትርጉም፣ ቆይቶም የምስጢርና የጀብዱ ልብ ወለድ ያነሣል። በቅርብ ሲመረመር ግን በውስጡ የጸና ጠባይ ይገኛል። የአማርኛ አንባቢ የሚወደው ሰዎች ሲፈተኑ አይቶ ራሱ ሊፈርድባቸው የሚችልበትን ታሪክ ሲሆን፣ የሚርቀው ደግሞ ደራሲው ቀድሞ የፈረደበትን ወይም ነገሩን የሰወረበትን ነው።

ይህ ጠባይ ከመጽሐፍ በፊት የነበረ ባህል ፍሬ ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ሙግት በአደባባይ የሚካሄድ፣ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ የሚሰማው ጉዳይ ነበር፤ «በላ ልበልሃ» በመባል የሚታወቀው የክርክር ሥርዓት፣ ተሟጋቾች ፊት ለፊት ቆመው በግጥምና በምሳሌያዊ ንግግር የሚጠያየቁበት፣ ችሎታቸውም በአድማጩ ዘንድ የሚደነቅበት መድረክ ነበር። አድማጩ የሁለቱን ወገን ነገር ሰምቶ ማን እንደረታ በልቡ ሲመዝን ይውላል። በዚህ መንገድ ታሪክ መስማትና ፍርድ መስጠት አንድ ላይ የለመደ ሕዝብ፣ በኋላ መጽሐፍ ሲያነሣም ያንኑ ጆሮና ያንኑ ሚዛን ይዞ መምጣቱ አያስደንቅም።

ልብ ወለድ፣ ማለትም በደራሲ ምናብ የተፈጠረ ረጅም ወይም አጭር የስድ ንባብ ታሪክ፣ በአማርኛ መታተም የጀመረው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ቢሆንም፣ በትረካ መመሰጥ ግን ከዚያ በፊት በግዕዝ መጻሕፍት ዘንድ የታወቀ ነበር። የታላቁ እስክንድር ጀብዱ በዜና እስክንድር ሲነበብ ኖሯል፤ በደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት እንባቆምም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1553 በርለዓም ወየዋሰፍን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰዋል። ይህ መጽሐፍ መንፈሳዊ ትምህርት ቢሆንም ትምህርቱን የሚሰጠው በንጉሥ ልጅ ታሪክና በውስጡ በተሸጎጡ አጫጭር ምሳሌዎች ነው። ገድላትና ተአምራትም እንዲሁ በፈተና፣ በስደትና በድንገተኛ መዳን የተሞሉ ስለነበሩ፣ አድማጩ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያለ መከታተልን ከእነርሱ ተምሯል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ከዚህ ልማድ ብዙም አልራቀም። በጦርነት የተማረከ አባት፣ የሚንከራተቱ መንታ ልጆች፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ጦቢያ፣ ባርነትና ያልተጠበቀ መገናኘት አንባቢውን ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ የሚስቡ ነገሮች ናቸው። ሃይማኖታዊ ትምህርቱ ግልጽ ቢሆንም ታሪኩን አልዋጠውም፤ ስለዚህም መጽሐፉ ከተጻፈ ከመቶ ዓመት በኋላም በደስታ ሊነበብ የሚችል ሥራ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ግን ትምህርቱ ከታሪኩ እየከበደ ሄደ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥ በፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰውን ወጣት አወቀን ከዘመዶቹ ጋር የሚያጋጨው የተዝካርና የሰርግ ወጪን የመሰለ የልማድ ጉዳይ ሲሆን፣ የመጽሐፉ ዓላማ ሕዝቡን ወደ መሻሻል መምራት ነበር። ከነጻነት በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ እግዚአብሔር ፍርድ የሚያሳስቡ በርካታ ታሪኮች ጻፉ፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም በ1941 ዓ.ም. በወጣው «አርአያ» አገሩን የሚያገለግል የተማረ ሰው አምሳል አቀረቡ። እነዚህ ሥራዎች ለአማርኛ ስድ ንባብ ማደግ ያደረጉት አስተዋጽኦ ከፍ ያለ ነው፤ የአንባቢው ድርሻ ግን በውስጣቸው ጠባብ ነበር፤ መልካሙና ክፉው ከመጀመሪያው ተለይተው ስለሚቀርቡ እርሱ የሚመዝነው ነገር እምብዛም አይተርፍለትም። የእነዚህ መጻሕፍት ስም በትምህርት ቤት ሲታወስ ለደስታ የሚያነሣቸው አንባቢ ግን እየሳሳ የሄደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለውጡ የመጣው ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. «መስከረም»ን፣ ቀጥሎም «ሌላው መንገድ»ን ባሳተመ ጊዜ አጭር ልብ ወለድ፣ ማለትም በአንድ ቅጽበትና በጥቂት ሰዎች ላይ የሚያተኩር ታሪክ፣ የከተማውን ሰው የዕለት ኑሮና የልብ ትግል ይዞ ቀረበ። አቤ ጉበኛ ደግሞ «አልወለድም» በተባለው ሥራው በእናቱ ማሕፀን ሆኖ ወደዚህ ዓለም አልመጣም የሚል ሽል አናገረ፤ መጽሐፉ በመንግሥት መታገዱም ዝናውን አበዛለት እንጂ አላጠፋውም። አንባቢው የተከለከለውን የመፈለግ ልማዱ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በግልጽ ይታያል። ፍለጋው ሁከት ከመውደድ የመነጨ አልነበረም፤ ሌላ ሰው በእርሱ ስም ፈርዶ የሰወረበትን ነገር በዓይኑ አይቶ ሊመዝን በመሻቱ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተራ አንባቢውን ፍላጎት ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ አሟላ። በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው በዛብህ፣ ዘር ሲቆጥሩ ልጃቸው ያለ ትዳር የቀረችባቸው ፊታውራሪ መሸሻ፣ በአባቷ ክብርና በራሷ ልብ መካከል የተያዘችው ሰብለ ወንጌል፣ እውነትን በመናገሩ እንደ እብድ የተቆጠረው ጉዱ ካሣ፣ ሁሉም በየራሳቸው ምክንያት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ደራሲው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ቢስቅም ሰውነታቸውን አይነፍጋቸውም፤ ጉዱ ካሣን ቢያከብረውም ብቸኝነቱን አይሸፍንለትም። ስለዚህ መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች በየቤቱና በየቡና ቤቱ ጥፋቱ የማን ነበር በሚለው ሲከራከሩ ኖረዋል፤ የወላጆች ስእለት ነው የሚሉ አሉ፣ የመኳንንቱ ትዕቢት ነው የሚሉ አሉ፣ ሥርዓቱ ራሱ ነው የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር ሳይዘጋ መኖሩ መጽሐፉን ከትውልድ ወደ ትውልድ አሸጋግሮታል።

ለዚህ መዝለቅ ሁለተኛው ምክንያት ድምፅ ነው። ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ በተረከ ጊዜ፣ ማንበብ የማይችለውም፣ መጽሐፍ የመግዣ አቅም ያልነበረውም ሰው የታሪኩ ተካፋይ ሆነ። ትረካ፣ ማለትም መጽሐፍን በድምፅ እየተወኑ ማንበብ፣ ቤተሰብና ጎረቤት በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ የሚሰማው በመሆኑ ጥንታዊውን የአደባባይ አድማጭ እንደገና ፈጠረው፤ ታሪኩ ካበቃ በኋላ የሚከተለው ጭውውትም ከትረካው ያልተናነሰ ደስታ ነበረው። በመሆኑም በአማርኛ ስለ ንባብ ታሪክ ሲጻፍ የታተመውን ቅጂ ብዛት ብቻ መቁጠር አንባቢውን ከግማሽ በታች መቁጠር ይሆናል።

በ1962 ዓ.ም. የወጡ ሁለት ልብ ወለዶች የአንባቢውን ሚዛን ጎን ለጎን ለመመልከት ያስችላሉ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በአተራረኩ አዲስ፣ በቃላቱ ጥልቅ፣ የብዙ ሰዎችን ድምፅ በአንድነት የሚያሰማ ሥራ ሲሆን፣ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ደግሞ በቢሮ ሥራና በሥዕል ጥበብ መካከል የሚዋልለውን የከተማ ምሁር አበራ ወርቁን ፈጣንና ጥርት ባለ አማርኛ ያቀርባል። ሐያስያን «አደፍርስ»ን ከአማርኛ ልብ ወለድ ከፍተኛ ሥራዎች መካከል ሲያስቀምጡት፣ ተራው አንባቢ ግን ወደ በዓሉ አዘነበለ። ይህን የስንፍና ምልክት አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው፤ ጉዳዩ ሳይገለጽለት ፍረድ የተባለ ዳኛ እንደሚቸገር ሁሉ፣ ማን ምን እንዳደረገ ለመለየት የተቸገረ አንባቢም ከታሪኩ ይወጣል። በዓሉ በአንጻሩ የጋዜጠኛ ብዕሩን ተጠቅሞ ነገሩን ግልጽ እያደረገ ፍርዱን ግን ክፍት ይተው ነበር።

የደርግ ዘመን የአንባቢውን ቁጥር አበዛ፣ ምርጫውን ግን አጠበበ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቆይቶ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ለሚሊዮኖች ፊደል አስቆጠረ፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም መጻሕፍትን በብዛት ማሳተም ጀመረ። በሌላ በኩል ሳንሱር፣ ማለትም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በመንግሥት ሹማምንት የሚደረግበት ምርመራ፣ ደራስያንን ወደ ተፈቀደው መደምደሚያ ይገፋቸው ነበር። መጨረሻው አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ጭቁኑ ሁልጊዜ ቅን፣ በዝባዡ ሁልጊዜ ጨካኝ የሆነበት ታሪክ አንባቢውን ከቀድሞው ስብከት በላይ አሰለቸው። ብርሃኑ ዘሪሁንን የመሰለ ደራሲ ግን በ«ማዕበል» ተከታታይ ሥራው የረኃቡንና የአብዮቱን ዘመን በሰዎች ዕጣ በኩል በማሳየቱ አንባቢ አላጣም።

የዘመኑ ትልቁ ምስክር ግን በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ነው። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው በዓሉ ግርማ የኤርትራውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ዓይንና በፊያሜታ ጊላይ ፍቅር በኩል ሲተርክ፣ አንባቢው ባለሥልጣናቱን በልብ ወለድ ስም ለይቶ አወቃቸው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተነሣ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። አንባቢው ግን መጽሐፉን አልለቀቀም፤ የተረፉት ቅጂዎች በምስጢር እየተሸጡ፣ እየተከራዩና እየተባዙ ዞሩ። በዚያ ጊዜ «ኦሮማይ»ን ማንበብ ማንበብ ብቻ አልነበረም፤ በአደባባይ ሊነሣ በማይችል ጉዳይ ላይ በጓዳ የተቀመጠ ችሎት ነበር።

የትርጉም መጻሕፍትም በዚህ ሚዛን ተመርጠዋል። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የቪክቶር ሁጎን ሥራ «ምንዱባን» ብሎ ሲተረጉመው፣ ስለ ዳቦ ስርቆት የታሰረው ሰው ታሪክ በሕግና በምሕረት መካከል ላለው ጥያቄ ባዕድ ባልሆነ አንባቢ ዘንድ እንደ አገር ታሪክ ተነበበ። ማሞ ውድነህ ስለ እስራኤላዊው ሰላይ ኤሊ ኮኸንና ስለ ሌሎች የስለላ ሰዎች የተጻፉትን መጻሕፍት ወደ አማርኛ በመመለስ የስለላ ንባብ ወዳድ ትውልድ ፈጠረ፤ ይልማ ሀብተየስም ወንጀል ምርመራን በአማርኛ ልብ ወለድ አስለመደ። የምርመራ ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ መስማማቱ ግልጽ ነው፤ ምስክር እየመዘነ፣ ውሸት እየለየ ጥፋተኛውን የመፈለግ ደስታ ከድሮው የሙግት ታዳሚ ደስታ ጋር አንድ ነውና። የትርጉምን ኃይል ከሁሉ በላይ ያሳየው ነቢይ መኮንን ሲሆን፣ በደርግ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ታላቅ ልብ ወለድ በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ተርጉሞ፣ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለአንባቢ አብቅቶታል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቅድመ ምርመራ ሲቀር ገበያው በሁሉም ዓይነት ጽሑፍ ተሞላ። የሲድኒ ሸልደን ልብ ወለዶች በተለያዩ ተርጓሚዎች እየተመለሱ በመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ተደረደሩ፤ የተበደለች ሴት በብልሃቷ በቀሏን ስትወጣ የሚያሳዩት ታሪኮች በተለይ በወጣቶችና በሴቶች ተወደዱ። ለረጅም ዓመታት ሳይታተም የቆየው የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ አንባቢውን ከሁለት ከፈለው፤ አንዱ ወገን የሌሊቱን ዓለም ሰዎች ያለ ኩነኔ ማቅረቡን እንደ ሰብአዊነት ሲያየው፣ ሌላው ወገን በአደባባይ የማይነገረውን በመጻፉ ተቆጣ። ተቆጪውም አድናቂውም ግን መጽሐፉን አንብበው ነበር የሚከራከሩት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ስለላን፣ ሳይንስንና የጣና ገዳማትን ምስጢር አዋሕዶ ሲመጣ፣ መጽሐፍ አንብበው የማያውቁ ወጣቶች ሳይቀሩ ተሻሙበት። አንዳንድ ሐያስያን በቋንቋውና በአወቃቀሩ ላይ ጉድለት ቢያገኙበትም፣ አገሩ የነበረውና የተሰወረበት ዕውቀት የት ደረሰ ብሎ ለሚጠይቅ ትውልድ ታሪኩ ጥያቄውን በድፍረት አንሥቶለታል።

እነዚህ ሁሉ ምርጫዎች አብረው ሲታዩ፣ ተራው አንባቢ ቀላል ነገር ብቻ ይወዳል የሚለው የተለመደ ወቀሳ አይጸናም። አምስት መቶ ገጽ የሚያልፈውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበው፣ «ኦሮማይ»ን እየፈራ የተከራየው፣ ስለ «ሌቱም አይነጋልኝ» የተጣላው ይኸው አንባቢ ነው። ሊሳሳት ይችላል፤ በ«አደፍርስ» ላይ የፈረደውን ፍርድም ጊዜ በይግባኝ ሊያነሣው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ከስብከት፣ ከፕሮፓጋንዳና ከሳንሱር ይልቅ ለአማርኛ ልብ ወለድ የታመነ ወዳጅ ሆኖ የተገኘው እርሱ ነው። ስለዚህ ደራሲ፣ አሳታሚና ሐያሲ ሊገዙለት የሚገባው ግዴታ አንድ ነው፤ የሰዎቹን ነገር በሙሉ፣ በግልጽና ያለ አድልዎ ማቅረብ፣ ፍርዱን ግን ለእርሱ መተው።