የታሰረ ፈረስ በሌሊት፦ የክሴኖፎን ምስክርነት



የነገሥታቶቻችንን የፈረስ ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች ኃላፊም ባልደራስ የሚል ማዕረግ ነበረው። ፈረሱ ሌሊቱን በምን አኳኋን ታስሮ ያድር እንደነበር ግን የታሪክ ጸሐፊ እምብዛም አይጠይቅም። ጥያቄው እንደማይናቅ ከሚያሳዩት ጥንታውያን ምስክሮች አንዱ አቴናዊው ክሴኖፎን ነው።

ክሴኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት ታናሹ ቂሮስ በወንድሙ በዳግማዊ አርጤክስስ ላይ ባስነሣው ዘመቻ ተሳትፏል። ቂሮስ ኩናክሳ ላይ ከሞተ በኋላ 10,000 ያህሉ ግሪካውያን ቅጥር ወታደሮች ጤግሮስን ተከትለው ወደ ሰሜን አፈገፈጉ። በችኮላ ያቋቋሙት የፈረሰኛ ጓድ 50 ያህል ሰው ብቻ ነበረው፤ የፋርስ ፈረሰኞች ግን ቀኑን ሙሉ ያስጨንቋቸው ነበር። ሲመሽ አሳዳጆቹ ይርቃሉ፤ ከ60 ስታድዮን፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባነሰ ርቀት አይሰፍሩም።

ምክንያቱን ክሴኖፎን በአናባሲስ ይገልጸዋል። የፋርሶች ፈረሶች ሌሊት ይታሰራሉ፤ ገመዱ ቢፈታ እንኳ እንዳይሸሹ አብዛኞቹ እግራቸው ይሰነከላል። (መሰናክል የምንለው ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።) ድንገት ጩኸት ቢነሣ ፈረሰኛው በጨለማና በትርምስ መካከል ፈረሱን መጫን፣ መለጐም፣ ጥሩር መልበስና መውጣት አለበት። በአንድ ሰፈር ካደሩት ፈረሶች አንዱ ሲደነብር ድንጋጤው ወደ ሌሎቹ ስለሚዛመት ድርብ ማሰሪያው ትርጉም ነበረው። ሆኖም ፈረሱን ያስቀረው ሰንከል ፈረሰኛውንም አስቀረው። ግሪኮቹም ይህን ያውቁ ነበርና ጠላት ወደ ሩቁ ሰፈሩ ሲሄድ እነሱ በሌሊት 60 ስታድዮን ተጓዙ፤ በማግስቱም ሆነ በሦስተኛው ቀን ጠላት አልታያቸውም።

እዚህ ላይ ምስክራችንን መጠርጠር ይገባል። የፋርስ ሠራዊት በሌሊት አይረባም ብሎ የፈረደው ክሴኖፎን፣ በአራተኛው ቀን ፋርሶች ራሳቸው በሌሊት ገስግሠው ከመንገዱ በላይ ያለውን ከፍታ መያዛቸውን ይተርካል። እንግዲህ በእኔ አስተያየት ጉዳዩ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ፈረስ ከሚጠፋ ሌሊቱን ለጠላት መተው ይሻላል የሚል ስሌት ነው። ስሌቱም ሊለወጥ ይችል ነበር።

በሌላው ድርሰቱ፣ ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው፣ ክሴኖፎን ከጦር ሜዳ ወደ ጋጣ ይወርዳል። የፈረስ ጠባቂው የልባቡን ቋጠሮ የልጓሙ ማሰሪያ በሚያርፍበት የራስ ክፍል ላይ እንዳያደርግ ያስጠነቅቃል። ፈረስ ራሱን ከግርግሙ ጋር ያሻሻል፤ ልባቡ በጆሮው ዙሪያ ካልተመቸ ያቆስለዋል። የቆሰለ ፈረስም ሲለጐምና ሲጠረግ አስቸጋሪ ይሆናል።

አስቸጋሪ የምንለው ጠባይ ከፈረሱ ተፈጥሮ ሳይሆን ከአሳሪው እጅ ሊመጣ እንደሚችል እዚህ በግልጽ ተጽፏል። ይህን የጻፈው ደግሞ እንስሳውን የሚያውቀው በገበያ ሳይሆን በሽሽት ነው።